ከቀንድ የተሠራውን ናሙና አላስረክብም

ለክቡር አቶ ጓንጉል ካሤ
የፈጠራ ሥራዎች ማበረታቻና የንብረት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሰቆጣ

ግንቦት 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? የቤተሰብዎ፣ የወንበርዎና የማኅተምዎ ጤንነትስ? ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በሞላ ሥልጣን እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ፤ የሚጠየቅ ሰው ታሞ ሲገኝ ለጠያቂው አይመችምና።

እኔ የሻሽወርቅ ቢያዝን፣ ሰቆጣ ውስጥ የሳይንስ መምህርት ነኝ። ግንቦት 8 ቀን የተጻፈው ደብዳቤዎ ሐሙስ ዕለት ደርሶኛል። በደብዳቤዎ «በጽሕፈት ቤታችን የተመዘገበው የፈጠራ ሥራ ቅጂ የሆነውን፣ ከቀንድ፣ ከእንጨትና ከቴፕ ሞተር የተሠራውን ሁለተኛውን የውኃ ማውጫ ናሙና በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለንብረት ክፍላችን እንዲያስረክቡ፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር ግን አስፈላጊው አስተዳደራዊ እርምጃ የሚወሰድብዎት መሆኑን እናሳስባለን» ብለውኛል። ስለ ማሳሰቢያው አመሰግናለሁ። መልሴም አላስረክብም ነው። ይህችን አንዲት ቃል ጽፌ ማቆም እችል ነበር፤ ነገር ግን ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት በአንድ ቃል የሚያልቅ ዓይነት አይደለም።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ነገሩን የማያውቅ ሰውም ስለሚያነበው፣ ከሥሩ ላስረዳ። የተወለድኩባት መንደር ወይራ አፋፍ ትባላለች፤ ፃግብጂ በሚባለው አገር ገደል ጫፍ ላይ የተቀመጠች ሃምሳ ሦስት ቤት ናት። ውኃችን ያለው ከገደሉ ሥር ነው። ሴቶቻችን ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅባቸዋል፤ መወጣጫውም በአንዳንድ ቦታ አንድ እግር እንጂ ሁለት አያስቆምም። እናቴ ወይዘሮ ለተሥላሴ የዛሬ ሁለት ዓመት እዚያው ላይ ተንሸራትታ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ እስከ ዛሬ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ነገሩ ቢያንገበግበኝ፣ አህያ እየዞረች የምትስበው፣ በገመድና ገመዱን በሚያሽከረክር ፑሌጃ ውኃውን ከሥር ወደ አፋፍ የሚያወጣ ማሽን እንሥራ ብዬ ለሽማግሌዎቹ አቀረብኩ። እነሱም በአገውኛ እስኪበቃቸው ከተከራከሩ በኋላ፣ ተምራለችና ይበልጥ ይገባት እንደሁ ብለው ይሆናል፣ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «ልጄ፣ ሲሠራ በዓይናችን ካላየን እንጨት አንቆርጥም» አሉኝ።

ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ነገር የማይዋጥላቸው አቶ ብዙነህ ደግሞ አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨመሩበት። ናሙናው በትንሽ የቲማቲም ቆርቆሮ ውኃ ሃምሳ ሦስት ጊዜ፣ በየቤቱ ስም አንድ አንድ ጊዜ ያውጣ አሉ። በእኛ ዘንድ ለጋራ ሥራ ጉልበት የሚዋጣው የቤቱ ስም እየተጠራ ነው፤ ስሙ ተጠርቶ ቆርቆሮው ያልወጣለት ቤት «የእኔን ዕጣ እምቢ ብሏል» ብሎ ከሥራው ይቀራል፤ አንዱ ከቀረ ሁሉም ይቀራል። በእጄ እንዳላዞረውም ተከለከልኩ፤ «ያወጣው እጅሽ ነው» ይባላላ! ስለዚህ ናሙናው በራሱ ኃይል የሚዞር መሆን ነበረበት።

እህቴ ፍቅርአዲስ ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ይህን በደብዳቤ ጽፌላት ኖሮ፣ የአሠሪዎቿ ልጅ አድጎ የተዋቸውን ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ጡቦች ከነትንሽ ሞተራቸው ለምና ተቀብላ በሰው ላከችልኝ። ከጡቦቹ ማማውን፣ ፑሌጃውንና የአህያይቱን መዞሪያ ሠራሁ። ሞተሩ የሚፈልገው እንደ ጣት የቀጠኑ ስድስት የባትሪ ድንጋዮች ነበር፤ እኔ የዞርኩባቸው ሱቆች ያላቸው ግን ትልቁ የባትሪ ድንጋይ ብቻ ስለሆነ፣ ሸምበቆ ሰንጥቄ ስድስቱን በተርታ አስገባሁ፤ ጫፍና ጫፉን በሲጋራ ብርማ ወረቀትና በሽቦ አገናኘሁት። ዞረ። ክቡር ሆይ፣ ሲዞር አልቅሻለሁ፤ አላፍርበትም። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በሚገባ ያውቁታል፤ ቢሆንም ምናልባት በሥራ ብዛት ተዘንግቶ እንደሆነ በቁጥር ላስታውስዎ።

፩. በጥቅምት ወር፣ ገና ወደ መንደር ሳልወስደው፣ ባዘጋጁት ዐውደ ርእይ ላይ ናሙናዬን አይተው እጅግ ተደሰቱ፤ የምስክር ወረቀትም በገዛ እጅዎ ሰጡኝ፤ ለእንግዶች እናሳየውና በሦስተኛው ቀን ትወስጂዋለሽ አሉኝ። እንግዶቹ በእግራቸው እየመጡ ሳይሆን አይቀርም፤ ይኸው ሰባተኛ ወራቸውን ይዘዋል፤ በሰላም ያግባቸው። በአራተኛው ቀን ስመጣ ናሙናው በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ ጠበቀኝ። የንብረት ክፍሉ አቶ ደግሰው፣ በሞዴል 19 የገባ ዕቃ የሚወጣው በሞዴል 22 እንደሆነ፣ ሞዴል 22 ደግሞ የሚሞላው ለጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ብቻ እንደሆነ፣ እኔም የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ እንዳልሆንኩ በታላቅ ትዕግሥት አስረዱኝ። እህቴ ወለል እየወለወለች ያገኘችው ነገር በአንድ ቀን አዳር በሦስት ቅጂ የጽሕፈት ቤት ንብረት ሊሆን እንደሚችል እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፪. በታኅሣሥ ወር፣ በመዝገቡ ላይ «ብዛት አንድ» ተብሎ የተጻፈው ዕቃ የሚፈታ መሆኑን በጥልቅ አስተውሎትዎ ስለደረሱበት፣ ጡቦቹ አንድ በአንድ ተፈትተው እንዲቆጠሩ አዘዙ። ስድስት መቶ አሥራ አራት ሆኑ። በእያንዳንዳቸውም ላይ፣ ልክ እንደ ወንበሩና እንደ መደርደሪያው፣ የንብረት ቁጥር በቀይ የዘይት ቀለም እንዲጻፍ አደረጉ። ጡቡ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ ቁጥሩ ያረፈው መጋጠሚያው ጉብታ ላይ ነው፤ ቀለሙ ሲደርቅም ጡብ ከጡብ አልገጥም አለ። እነሆ ዛሬ ጽሕፈት ቤትዎ የተሟላ ቁጥር ያላቸው፣ አንዱ ከሌላው ጋር የማይገናኝ የስድስት መቶ አሥራ አራት ጡቦች ባለቤት ነው። አንድም አለመጥፋቱን ሳላደንቅ አላልፍም። አቶ ደግሰውን ግን አልወቅሳቸውም፤ ቁጥሩ እንዲያምር ከፍየል ጅራት ጠጉር ለቅመው ቀጭን ብሩሽ እንዳበጁ ሰምቻለሁ፤ የታዘዘ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ።

፫. ሦስተኛውን ቅሬታ ጽፌው ነበር። መልሼ ባነበው ከመምህርት አፍ የሚወጣ ሆኖ ስላላገኘሁት ሰርዤዋለሁ። ቁጥሩ ግን እንዳለ ይቆይልኝ።

፬. ድንጋይ ሲደክም እንደሚያፈስ ራዲዮ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ናሙናው ባይመለስልኝ እንኳ ድንጋዮቹ ከሸምበቆው ይውጡ ብዬ በኅዳር ወር አመለከትኩ፤ በጥር ወር መልስ አገኘሁ። ድንጋይ ለብቻው አላቂ ዕቃ ነው፤ ቋሚ ዕቃ ውስጥ እስካለ ድረስ ግን ቋሚ ዕቃ ስለሆነ፣ የሚወጣው በአስወጋጅ ኮሚቴ ውሳኔ ብቻ ነው፤ ኮሚቴውም የሚሰበሰበው በሦስት አባላት ሲሆን አንዱ ተዛውረዋል፣ አንዱ ስልጠና ላይ ናቸው፣ ሦስተኛው እርስዎ ነዎት። በየካቲት ወር ድንጋዮቹ ነጭ ዝቃጭ ተፍተው ሽቦውንና ሸምበቆውን በሉት። ኮሚቴው ሲሰበሰብ የሚያስወግደው ነገር ስለማያጣ እንኳን ደስ ያላችሁ።

፭. መጋቢት 20 ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ልለምንዎ ቢሮዎ በገባሁ ጊዜ ሞተሩን አገኘሁት። ጠረጴዛዎ ላይ ቆሞ፣ ከካርቶን የተቆረጠ አራት ክንፍ ተገጥሞለት ፊትዎን ያናፍስ ነበር። አዳዲስ ድንጋዮችም ነበሩት፤ ለእኔ ግን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ስጠይቅ ለናሙና የሚሆን ድንጋይ በዕቅድ አልተያዘም ተብዬ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ያን ሞተር አንዲት ሴት በሰው አገር አንገቷን ደፍታ ለምና ያገኘችው ሃምሳ ሦስት ቤት ውኃ እንዲጠጣበት ነው። እርስዎ ሙቀት እንዳይሰማዎ እናቴ በምርኩዝ ትሂድ? እስቲ ይህን የትኛው ሞዴል ላይ ይሞሉታል? በዚያች ደቂቃ ክንፉን ይዤ ባቆመው ደስ ባለኝ፤ ምን ያደርጋል፣ በሥርዓት ነው ያደግሁት፤ እጅ ነስቼ ወጣሁ። በሩን ዘግቼ ግን ከእንግዲህ ወላ ጡብ ወላ ሞተር ከዚያ ግቢ እንደማልለምን ለራሴ ማልኩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ናሙና ልምጣ። መዝገብ ስለሚወዱ የክፍሎቹን ምንጭ አንድ በአንድ ብነግርዎ ደስ ይልዎታል። ሞተሩ የወጣው ካሴት መብላት ከጀመረ አሮጌ ቴፕ ነው። ሞተሩን ከፑሌጃው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ የተቆረጠው ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነው። ጥርሳም ማርሾቹን የሠሩልን ዋንጫ ጠራቢው አቶ ገብረ ጻድቅ ናቸው፤ የበሬ ቀንድ በፈላ ውኃ አለስልሰው፣ በሁለት ጣውላ መሃል ተጭነው አቅንተው፣ ጥርሱን በሞረድ አወጡለት። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ተሰበሩ። እኔ ተስፋ ስቆርጥ እሳቸው ጭራሽ እልህ ያዛቸው። አምስተኛው ሳይሰበር ሲዞር «እሰይ! ይኸ በሬ ሞቶም ከቀንበር አልወጣ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

የቀረው ኃይሉ ነበር። እያንዳንዱ ቤት ከባትሪው ወይም ከራዲዮው አውጥቶ የጣለውን ሁለት ሁለት የደከመ ድንጋይ እንዲያመጣ ጠየቅሁ፤ መቶ ስድስት ድንጋይ ተሰበሰበ። ሦስት ቀን ሙሉ ጠፍጣፋ ዐለት ላይ ፀሐይ አሞቅናቸው። አልነቃ ያሉትን፣ ተማሪዎቼ ይህን እንዳያነቡብኝ እየለመንኩ፣ በጥርሳችን ነከስናቸው። ከዚያ በባትሪ አምፖል እየፈተንን ጭላንጭል ያላቸውን ለይተን፣ በአራት ሸምበቆ ደርድረን አሰርናቸው። አንዱ ድንጋይ ለብቻው ዝንብ አያባርርም፤ ሁሉም አንድ ላይ ግን ማርሹን አዞሩት።

በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ አፋፉ ላይ ተሰበሰበ። የቤት ስም ይጠራል፣ ቆርቆሮዋ ትወጣለች፤ ይጠራል፣ ትወጣለች። ሠላሳ ሰባት ቤት እንዲህ አለፈ። ሠላሳ ስምንተኛው የአቶ ብዙነህ ቤት ነበር፤ ስማቸው ተጠራ፤ ቆርቆሮዋ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። እኔ በቃ አለቀልኝ አልኩ። አቶ ብዙነህ ከተቀመጡበት ተነሡ። ከብብታቸው ሥር የማትለየውን፣ ዜና ሳይሰሙባት እህል የማይቀምሱባትን ራዲዮ ክዳኗን ከፍተው አራቱንም ድንጋዮች አወጡና «የደከመው ያንቺ ማሽን አይደለም፤ የእኔ ቤት ጭልጥ ያለ ሬሳ ድንጋይ ነው የሰጠሽ፤ ያወቅሁት እኔ ነኝ፣ ያፈርኩትም እኔ ነኝ» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ሰጡኝ። ቆርቆሮዋ ወጣች። የቀሩት አሥራ አምስቱም ወጡ። እንጨቱ በማግስቱ ተቆረጠ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይህ ናሙና ከዚያች ቀን ወዲህ የሥራ መሣሪያ ነው። አናጺዎቻችን ወረቀት ላይ የተሣለ ንድፍ አያነቡም። ጠዋት ናሙናውን መሬት ላይ ያስቀምጡታል፤ በናሙናው አንድ ጣት የሆነው በትልቁ ማሽን አንድ ክንድ ይሆናል፤ የማርሹን ጥርስ በጣታቸው እየነኩ ቆጥረው የትልቁን ጎማ ጥርስ ይጠርባሉ፤ ሲጠራጠሩ ቁጭ ብለው አዙረው ያዩታል። ናሙናው አንድ ቀን ቢጠፋ ሥራው አንድ ቀን ይቆማል። በሰኔ መጨረሻ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ አፋፉ ጭቃ ነው፤ ምሰሶ አይተከልበትም። ስለዚህ ናሙናውን ዛሬ ለእርስዎ ማስረከብ ማለት አንድ ዓመት ሙሉ ጀሪካኑ ከሴቶቻችን ጀርባ አይውረድ ማለት ነው። በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ ማን እንደምትወድቅ እግዜር ነው የሚያውቀው። እኔ ይህን አልፈርምም። ለቁጥርና ለቀለም ስል አንዲት ሴት ዳሌዋ እንዲሰበር የምፈርምበት እጅ የለኝም።

አስተዳደራዊ እርምጃውን ይውሰዱ። ከጥቁር ሰሌዳው ቢነጥሉኝ ሆዴ ይባባል፤ ተማሪዎቼን እወዳቸዋለሁና፣ አልዋሽዎትም። ግን ወይራ አፋፍ ላይ ምሰሶ ደግፎ የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ይጠፋል፤ ሥራ አላጣም።

ደብዳቤዎን ቅዳሜ ዕለት ወደ መንደር ወስጄ አነበብኩላቸው። የአነጋገርዎ ጨዋነት ሳይጎድል ወደ አገውኛ ለመመለስ ብዙ ደከምኩ፤ «አስፈላጊው እርምጃ» የሚለው ላይ ስደርስ ሴቶቹ እስክጨርስ አልጠበቁኝም። ምን እናድርግ ሳልል ናሙናውን ከበው ተቀመጡና ፈቱት። ማርሹን ከዘንጉ፣ ቺንጋውን ከፑሌጃው፣ ምሰሶውን ከመሠረቱ ለያዩት፤ ከዚያ የቤት ስም እየተጠራ ለሃምሳ ሦስቱም ቤት አንድ አንድ ቁራጭ ደረሰ። ለአንዱ ብሎን፣ ለአንዱ ሸምበቆ፣ ለአንዱ የሽቦ ጠምዛዛ፤ ሞተሩ ለአቶ ብዙነህ ደረሰ፤ በራዲዮዋ ፋንታ ብብታቸው ሥር ይዘውት ይዞራሉ። ከእንግዲህ በየማለዳው ሃምሳ ሦስቱም ቁራጩን ይዞ አፋፉ ላይ ይመጣል፤ ይገጠማል፤ አናጺዎቹ ሲለኩበት ይውላሉ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተፈትቶ ወደየቤቱ ይገባል። ሠርተን የጨረስን ቀን እንኳ የሚመልሱት አይመስለኝም፤ ወደውታል።

በዚህ ምክንያት ናሙናው በእጄ ስለማይገኝ ላስረክብ ብል እንኳ አልችልም። የንብረት ክፍልዎ መጥቶ ይረከብ የሚሉ ከሆነ በሩ ክፍት ነው፤ መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። ሃምሳ ሦስት ቤት ማንኳኳት፣ ሃምሳ ሦስት ጊዜ መፈረም፣ ሃምሳ ሦስት ሴት ዓይን ለዓይን ማየት ይጠብቅዎታል። በየቤቱ ውኃ ይቀርብልዎታል፤ እስከ ሰኔ በጀርባ የወጣ፣ ከሰኔ በኋላ ግን በገመድ የወጣ።

ለዘለቄታው ጤንነትዎ፣ ለመዝገብዎ ንጽሕናና ለማኅተምዎ ድምቀት እየጸለይኩ፣ የእርስዎን አምስት የሥራ ቀናት ሳላጓድል አክብሬ በሦስተኛው የሥራ ቀን የመለስኩልዎ፣ በመታዘዝ ሳይሆን በማክበር ታዛዥዎ፣

የሻሽወርቅ ቢያዝን
መምህርት፣ የወይራ አፋፍ ልጅ

ግልባጭ፦
ለእህቴ ለፍቅርአዲስ ቢያዝን፣ ቤይሩት፤ የላከችው ሞተር በከፍተኛ ኃላፊ አገልግሎት ላይ መዋሉን እንድታውቀው
ለወይራ አፋፍ ሃምሳ ሦስት ቤት
ለሰቆጣ ገበያ መግቢያ የማስታወቂያ ሰሌዳ

ማስታወሻ፦ አንድ ነገር ዘንግቼ። ትናንት እሑድ አንድ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ፣ ማንም ሳያዘው፣ በእግሩ ወይራ አፋፍ ድረስ መጥቶ ከቅዳሴ በኋላ ከሰው ጋር እንጨት ሲሸከም ዋለ። ሊሄድ ሲል «ለእኔስ አይደርሰኝም?» ብሎ ጠየቀ። አቶ ገብረ ጻድቅም ለመለዋወጫ ብለው ካበጁት አንድ የቀንድ ማርሽ ሰጡት፤ ኪሱ ከቶ ወደ ሰቆጣ ተመለሰ። ስሙን አልጽፍልዎትም። በሚቀጥለው ስብሰባዎ ላይ ግን ሠራተኞችዎን አንድ በአንድ ይመልከቷቸው፤ ከፊትዎ ከተቀመጡት በአንዱ ኪስ ውስጥ ያልተመዘገበ ንብረት አለ።